ባለ ስልሳ አምስት ኢንቹ እንግዳ

ቴሌቪዥን ስገዛ ሰው አብሮት እንደሚመጣ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት አልገዛም ነበር፤ ምናልባትም ዋጋ ላይ የበለጠ እከራከር ነበር። ራሴን ስለማውቀው ሁለተኛው ይመስለኛል።

አጀማመሩን ላውራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ የተማሪ ፋይል የማወጣና የምመልስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሙሉ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ማራኪ ሰፈር ሳሎኑ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ቴሌቪዥናችን ግን ከሠርጋችን በፊት የተገዛች፣ ከፊቷ ይልቅ ጀርባዋ የሚበልጥ ትንሽዬ ነገር ነበረች። ኳስ ስናይ ኳሷ አትታይም፤ ተጫዋቾቹ ወዴት እንደሚሮጡ አይተን የት እንዳለች እንገምታለን። በዚህ ተስማምተን ስንኖር አንድ ባልደረባዬ ቤቱ ጋበዘኝ፤ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አየሁ። የበረኛው ላብ ከአገጩ ሲንጠባጠብ አየሁ። ቤቴ ስመለስ ሙሉ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ሰው እየኖረ ነው» አልኳት፤ ያየሁትን ትልቅ ቴሌቪዥን ነገርኳት።

«ትልቅ ስትል ምን ያህል ትልቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሜትር የለኝም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን መቀነቷን አወረድኩና ግድግዳውን ለካሁበት፤ ከሚጀምርበትና ከሚያልቅበት ላይ ሁለት ቦታ ቋጥሬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየሱቁ እየገባ ከኪሱ የሴት መቀነት እየጎተተ የሚያወጣ ሰው ሆንኩ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጯ ልጅ ቋጠሮውን አየት አድርጋ «ጋሼ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ነው» አለችኝ። ሌላው ሻጭ ደግሞ ኢንች የሚለካው በአግድም ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ እንደሆነ ሲያስረዳኝ ተናደድኩ። እኔ ቴሌቪዥን በሰያፍ አላይም። «ስማርት ነው የምትፈልገው ወይስ ኖርማል?» ሲሉኝ «ብልጥ ቤት ውስጥ አለችልኝ፤ እሱ ኖርማል ይሁን» እላለሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ግን ሁሉም ያው ነው፤ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ፣ ግድ እንደሌለው ሰው በቀስታ፣ «እስኪ ከባለቤቴ ጋር እንምከርበት» ብዬ እወጣለሁ። አንዳንዱ ሱቅ ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ «ምክሩ እንዴት ሆነ?» ይለኝ ጀመር።

በመጨረሻ አራዳ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥ ጌጡ የሚባል ሰው ዘንድ ደረስኩ። ክረምት ነው፤ ጭጋጉ ሱቁ ድረስ ገብቷል። ከፍሪጆቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጥቁር ትልቅ ነገር አየሁ። መቀነቱን ዘረጋሁበት። ቋጠሮ ለቋጠሮ ገጠመ። ጎንበስ ብዬ ጥቁሩ መስታወት ላይ ራሴን ሳይ ከጀርባዬ አንድ ሰው የቆመ መሰለኝ፤ ዞር ስል ሚስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ነው። በራሴ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

«ስልሳ አምስት ኢንች ነው፣ ስማርት ነው» አለ ጌጡ። «የነበረውም ጨዋ ቤት ነው። ዋጋው የወረደው ባለቤቶቹ ቶሎ ይውጣልን ስላሉ ነው።»

ሰው ቶሎ ይውጣልን ያለውን ነገር ቶሎ ይግባልኝ ያልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። በዚያው ቀን በጭነት ማኪና አስመጣሁት፤ ጌጡ ራሱ መጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለልን፣ ከኢንተርኔታችንም አገናኘልን። ያን ምሽት በረኛውን በላቡ አየሁት። ደስታዬ አራት ቀን ቆየ።

በአምስተኛው ቀን የሙሉ አጎት አያ ካሴ ከትክል ድንጋይ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ የግራ ዓይናቸው ሞራ ስለሸፈነው ሊያስገፍፉት ነው የመጡት። ሙሉ ወረፋ አስይዛላቸው ስለነበር ወዲያው ተሠራላቸውና አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ሌላኛውም ድሮውንም ደከም ያለ ሆኖ፣ እኛ ዘንድ እንዲያገግሙ ተደረገ። እኔና ሙሉ ጠዋት ሥራ ስንሄድ እሳቸው ሳሎን ሶፋው ላይ ብቻቸውን ይውላሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስንመለስ «ደህና ዋሉ አያ ካሴ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዳ መጥቶልህ ነበር።»

«የምን እንግዳ?»

«እኔ እንጃ፣ አንድ ሽማግሌ። ሸጋ ሰው ነው፣ ለባብሷል። እዚያ ግድግዳው ሥር ቆሞ ሲያየኝ ዋለ። ብነግረው አይቀመጥም፤ ብጠይቀው አይመልስም። ምነው የሰላምታ ነገር እንዲህ ጠፋ?»

እኔና ሙሉ ተያየን። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር የዋለው። ሙሉ ወደ ማድቤት ጠራችኝና በሹክሹክታ «ማደንዘዣው ይሆናል» አለችኝ።

በማግስቱ «ዛሬም መጣ» አሉ አያ ካሴ። «ዛሬስ በቅሎውንም ይዞ ነው የገባው።»

«በቅሎ? እዚህ? ሳሎን?»

«ነጭ በቅሎ። የተጫነች። ባላገር አይደለሁም እንዴ፣ በቅሎ ይጠፋኛል?»

ላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት ባል ነኝ፤ በማስረጃ አምናለሁ። ግን አያ ካሴ ሊተኙ ሲሄዱ ምንጣፉን ገልጬ ኮቴ ፈለግሁ። ሶፋውን ሳብ አድርጌ ከኋላው አየሁ። ሙሉ በር ላይ ቆማ «ምን ጠፋህ?» ስትለኝ «ሳንቲም» አልኳት። ሳንቲም ፍለጋ ግን ሰው ወለል አያሸትም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ዋለ። «ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም» ብለው አያ ካሴ ራት አልበላ አሉ። በአራተኛው ቀን ስንመጣ ደግሞ ከሶፋው ተነሥተው፣ ወደ ማዶ ጥግ ሄደው፣ እጃቸውን ከደረታቸው አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ዛሬ እሱ አልመጣም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንበሩን ብቻ ነው የላከው። ባዶ ወንበር። ሥሩ ጫማው አለ። ሰውዬው የለም።»

ሙሉ ማንኪያ ይዛ ነበር፤ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ ያ ቤት የወትሮው ቤቴ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ከሌላ ቦታ የመጣ ብርድ የገባ መሰለኝ።

ሙሉ በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪሙ መልሳ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መርምሮ «ዓይናቸው እየዳነ ነው፤ ሐሳባቸውም ከእኔ የተሻለ ነው» አላት። «ቴሌቪዥን ይሆን ያዩት?» ብላ አያ ካሴን ስትጠይቃቸው ተቆጡ። «ቴሌቪዥንማ አውቃለሁ። የቴሌቪዥን ሰው ይናገራል፣ ይሮጣል፣ ይዘፍናል። ይሄኛው ዝም ብሎ ያያል» አሉ። ልክ ናቸው። እኛም ጠዋት ስንወጣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ነው የምንወጣው፤ ማታ ስንመጣም ጠፍቶ ነው የምናገኘው።

እንግዲህ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «እንግዳ አለብኝ» አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም። ሙሉ አያ ካሴን ፋሻ ለማስቀየር ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች። እኔ ብቻዬን ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ውጭ ያለው ዛፍ እንኳ አይታይም። ጎረቤቶቻችን ሥራ ናቸው። ዝናቡ አቁሟል፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ይሰማል። አምስት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ፍሪጁ ጸጥ ሲል ነው ሲጮኽ እንደነበር ያወቅሁት። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጥርስ ሊነቀል ወረፋ እንደያዘ ሰው፣ ጠበቅሁ።

መብራት ተመለሰ። ማንም ሳይነካው ቴሌቪዥኑ «ቲን» አለና በራሱ በራ። ደነገጥኩ፤ ግን መብራት ሲመጣ በራሱ የሚበራ ዕቃ ብዙ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቻናል ዝርዝር ብቻ ነው። አልነካሁትም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ዝርዝሩ ቀስ ብሎ ደበዘዘና ጠፋ። በጥቁሩ ውስጥ መጀመሪያ ነጭ ነገር መጣ። ከዚያ እጅ። ከዚያ ፊት።

እኔ ቤት፣ እኔ ግድግዳ ላይ፣ ከወገቡ በላይ የሚታይ፣ እኔን የሚያህል ሽማግሌ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ከዘራ ይዟል። ከንፈሩ ሊናገር እንደጀመረ ሰው በትንሹ ተከፍቷል። አይናገርም። ዓይኑን አያርገበግብም። ሳሎኑ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ይመስላል።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስለነገረችው ከእኔ ስሙት። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና «ይቀመጡ» አልኩት። ስላልተቀመጠ በአንድ እግር ጫማ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ሙሉና አያ ካሴ ሲመለሱ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ በካፊያ እርሳለሁ።

«መጣ?» አሉኝ አያ ካሴ።

«መጣ» አልኳቸው።

«ሰላም አለህ?»

«አላለኝም።»

«አየሽ?» አሉ ወደ ሙሉ ዞረው። «ለሁላችንም ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ሙሉ ዣንጥላዋን ለእኔ አቀበለችኝና በቀጥታ ገባች። ትንሽ ቆይታ ከውስጥ ጠራችን። ሽማግሌው ከነጭ በቅሎው ጋር ቆሟል። «ፎቶ ነው» አለች። «ዕቃው ሥራ ሲፈታ ፎቶ ያሳያል፣ ሲቆይም በራሱ ይጠፋል፤ ስማርት ማለት ይኸው ነው። የድሮው ባለቤት ፎቶዎች ይሆናሉ።» ከዚያ በቅሎዋ ጠፍታ ሽማግሌው አልጋ ላይ ተኝቶ መጣ፤ ጉንጩ ገብቷል፤ አሁንም እኛን ያያል። ሙሉ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። እሷ በሆስፒታል እንዲህ ያለ ፊት ታውቃለች። «እኚህ ሰው የሉም» አለች ቀስ ብላ።

ፎቶ መሆኑን ካወቅን በኋላ ፍርሃቱ ይቀላል ብላችሁ ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ሞክሩት። በቅሎ ያመጣ ሰው አንድ ነገር ነው፤ የሞተ ሰው ሌላ ነገር ነው። ሙሉ የአልጋ አንሶላ አምጥታ ሸፈነችው። ይሄ ባሰ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንሶላው ከውስጥ ይበራል፤ በጨርቁ ውስጥ የሰው ቅርጽ ይታያል። ከአንሶላው ሥር የቆመ ሰው። ሶኬቱን እንንቀል ስል አያ ካሴ «እንግዳ በር አይዘጋበትም» አሉኝ። ሁለታችንም ልንከራከራቸው ደፈር አላልንም።

ለጌጡ ደወልኩ። «ኧረ ቀላል ነው!» አለኝ። «የድሮው ሰውዬ ስልክ ከቲቪው ጋር ስለተገናኘ ነው። በዚያ ስልክ የተነሣ ፎቶ ሁሉ በኢንተርኔት ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ግባና ሪሴት በለው፤ ሁሉም ነገር ድራሹ ይጠፋል። ለነገሩ እነዚያም ሰዎች ትናንት አንተን ሲፈልጉህ ነበር፤ ሰፈርህን ነግሬያቸዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ነገር አልሰማኋትም፤ ልቤ ሪሴቱ ላይ ነበር። አንሶላውን ወደ ላይ ሰብስቤ ሪሞቱን ያዝኩ። ሴቲንግ ገባሁ። «ሁሉም መረጃ ይጠፋል፤ ይቀጥሉ?» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጣቴን አስጠጋሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ አያ ካሴ።

«ላጠፋቸው ነው።»

«ምን አድርገውህ?»

እውነት ምን አደረጉኝ? ቆሙ፤ አዩኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንደሆነ ቆየሁ፤ በዚህ መሃል ጽሑፉ ለብዙ ጊዜ ስላልተነካ ደበዘዘና ጠፋ። ጥቁር ሆነ። ከዚያ አዲስ ፎቶ መጣ፤ እስከዚያ ቀን ያልታየ።

የብረት በር ነው። አረንጓዴ። ከታች በስተቀኝ ቀለሙ ተልጧል። ከበሩ አናት በላይ፣ ማስጫው ላይ ትናንት የታጠበው የእኔ ሸሚዝ ተሰጥቶ ይታያል።

የእኛ በር ነው።

የሙሉን ክንድ ይዤ ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። የሞተ ሰው ስልክ፣ ከአንድ ቀን በፊት፣ በራችን ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ ፎቶ አንሥቶናል። ይሄ ሳያንስ በፎቶው ላይ በሳሎናችን መስኮት ውስጥ አንድ ፊት ይታያል፤ የገረጣ፣ ግማሹ በነጭ የተሸፈነ፣ ወደ ውጭ የሚያፈጥ አንድ ዓይን ብቻ ያለው። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሶፋው ባይኖር ወለል ላይ ነበርኩ።

አያ ካሴ ጠጋ ብለው በቀኝ ዓይናቸው አተኩረው አዩት። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። «የበፊተኛው ሰውዬ ይሻላል። ይሄ መልኩም አያምር።»

«አያ ካሴ፣ እርስዎ ነዎት» አለች ሙሉ።

ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ፣ እያዘኑ።

ልንስቅ ስንል ያ በፎቶው ላይ ያለው በር ተንኳኳ።

ማናችንም አልተነቃነቅንም። እንደገና ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው። ሙሉ ናት አንሶላውን መልሳ ጥላ በሩን የከፈተችው። ደጃፉ ላይ ጥቁር የለበሱ እናትና ወጣት ልጃቸው ቆመዋል። ካፊያው ትከሻቸውን አርሶታል።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ ልጄ ትዕግሥት ትባላለች» አሉ እናትየዋ። «ትናንትም መጥተን ነበር። እሷ ይሄ ነው ወይ በሩ ብላ በአባቷ ስልክ አንሥታ ለባለሱቁ ለጌጡ ላከችለት፤ የእሷ ስልክ ባትሪ አልቆባት። ነው አለን። ግን ማንኳኳት አፈርኩና ተመለስኩ።»

አስገባናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንሶላ ወደተንጠለጠለበት ቴሌቪዥን አንድ ጊዜ አየት አድርገው ዓይናቸውን መለሱ። የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አበደች ብትለኝም አልቀየምህ።» በአገጫቸው ወደ አንሶላው አመለከቱ። «ባለቤቴ… እዚህ ይመጣል?»

ትዕግሥት አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በፍርሃት የኖርኩ፣ ከገዛ ቤቴ በአንድ ጫማ የሸሸሁ ሰው፣ ለዚያ ጥያቄ መልሱ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመኝ።

«ይመጣሉ፣ እናቴ» አልኳቸው። «ደህና ናቸው።»

«ይመጣል እንጂ!» አሉ አያ ካሴ ከማዕዘናቸው። «በቅሎውንም ይዞ ይመጣል። ሰላምታ ብቻ ነው የማያውቅ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባ ሆነ። «ድሮም ሰላምታ ላይ ቁጥብ ነበር» አሉ። «ደምሴ ነው ስሙ። አርባው በወጣ ሰሞን ብቻዬን ተቀምጬ መብራት ሲመጣ ከፊቴ ቆመ። ቁመቱን ያህል። በማግስቱም መጣ፤ በሌላውም ቀን። ፈራሁት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ፈራሁትና አስወጣሁት። ከዚያ በኋላ ነው የባሰው። ማን ቤት ገባ? ሰደቡት ይሆን? ደንግጠው አጠፉት ይሆን? እያልኩ ምግብ አልወርድ አለኝ።»

ሪሞቱን ቀስ ብዬ ከሶፋው ትራስ ሥር ደበቅሁት።

«ፎቶዎቹ እኮ ስልኩ ላይ አሉ፣ እማዬ» አለች ትዕግሥት፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዳለችው ያስታውቃል።

«ስልኩ ላይ አውራ ጣቴን ያህላል። እዚህ እኮ ቁመቱን ያህላል!»

ሙሉ ተነሥታ አንሶላውን ገፈፈችው። ሽማግሌው ቆመው ነበር፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሊናገሩ እንደጀመሩ። ሴትየዋ ተነሥተው ጠጋ አሉ። ግንባራቸው ከትከሻው ላይ አልፎ አልወጣም፤ እውነትም ልክ ቁመቱ ነበር። ሙሉ አየችኝ፤ አየኋት። በረኛውን፣ ላቡን፣ ቋጠሮ የገጠመለትን መቀነት በአንድ አፍታ አሰብኩ። ከዚያ «ይውሰዷቸው» አልኩ። ትዕግሥት ለቴሌቪዥኑ የከፈልኩትን ገንዘብ ይዛ ነው የመጣችው፤ እናቷ ግን እንዳላሳፍራቸው ፈርተው ገና መጠየቅ አልጀመሩም ነበር።

ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ በታች ሁለት መንደር ተሻግሮ ነው። ችግሩ በዚያው ሳምንት መንገዱ ለቦይ ተቆፍሮ እንኳን ማኪና ባጃጅም አያስገባም። ሁለት ጎረቤቶቼን ጠራሁ፤ ከቤቱ ሥራ የተረፈ ሳንቃ ነበረን። ጌጡ ይህ ዕቃ እንዳይተኛ ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ በዚያ ጭቃ ግን ቀጥ አድርጎ የሚሸከመው የለምና አስተኛናቸው። ከዝናቡ እንዲድን ላስቲክ አለበስነው፤ ላስቲኩ በንፋስ እንዳይገለጥ ደግሞ አያ ካሴ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ ዘረጉበትና ዳር ዳሩን አሰርነው። እኔ፣ ሁለቱ ጎረቤቶቼና ትዕግሥት በአራት ማዕዘን ትከሻችን ላይ አነሣነው። አያ ካሴ በከዘራቸው ጭቃውን እየመረመሩ ከፊት፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በጥቁር ልብሳቸው ከኋላ።

ምን እንደምንመስል የገባኝ ጉልት ጋ ስንደርስ ነው። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። አንድ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ከቁፋሮው ዳር የቆመ ባጃጅ ሙዚቃውን ዘጋ። ሰው እንደ ደንቡ ጥቂት እርምጃ ልሸኝ ብሎ ይከተላል፤ ጥቂቱ ሳያልቅ ሌላው ይጨመራል። «ቀብር አይደለም!» ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን ታዲያ ምንድን ነው? በጭጋጉ ውስጥ የእግር ድምፅ ከኋላችን እየበዛ ሲመጣ ይሰማኛል። አንድ ሰው ከትዕግሥት ትከሻ ላይ ሳንቃውን ተቀበላት።

ሁለተኛው መንደር ስንገባ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ከጎኔ ደረሱ። «ነፍስ ይማር» አሉኝ። «ማን ናቸው?»

ሌላ የማውቀው ስም አልነበረኝም። «አቶ ደምሴ» አልኳቸው።

«የጥሩወርቅ ባል?»

«አዎ።»

ሰውዬው ቆሙ። «እሱንማ እኔ ራሴ አፈር አልብሼዋለሁ!» አሉ። ወደ ተሸፈነው ነገር አዩ፤ ወደ መበለቲቱ አዩ፤ የግንብ ጫፍ ፈልገው ቁጭ አሉ። ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ ዞር ስል ግን ከሕዝቡ ጋር ሆነው፣ ከእግራቸው በላይ በዓይናቸው እየሄዱ፣ ይከተሉናል።

እዚያ ቤት ስንደርስ ሠላሳ አርባ ሰው ከኋላችን ነበር። ማንም ምን እንደሸኘ አያውቅም፤ ማንም ለመጠየቅ አልደፈረም። ፈታነው፣ አቆምነው፣ የድሮ መስቀያው ላይ መለስነው። ሰዉ ቴሌቪዥን መሆኑን ሲያይ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አንድም የሳቀ የለም። ሶኬቱን ሰካሁ። መብራት የለም። ያን ሁሉ ሰው ውጡ ማለት አልተቻለም፤ አንዱ አግዳሚ ላይ፣ አንዱ ደፍ ላይ፣ ሌላው በመስኮቱ በኩል ሆኖ ጠበቀ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ነጭ ጢማሙ አዛውንት ከበሩ አላለፉም።

መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ «ቲን» አለ። ዝርዝሩ ወጣ። ማንም አልነካውም። ደቂቃዎቹ አለፉ፤ ስክሪኑ ደበዘዘ፤ ጠቆረ። ከዚያ ነጩ መጣ፣ እጁ መጣ፣ ፊቱ መጣ። አቶ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ከገዛ ግድግዳቸው ላይ ሁላችንንም አዩን። አዛውንቱ ከበሩ ላይ አማተቡ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዱካቸውን፣ ዝቅተኛዋን በርጩማ፣ ይዘው ሄደው ከፊቱ ተቀመጡ። ቀና ብለው አዩት። አሁን አልፈሩም።

«ምነው እንዲህ ዘገየህ?» አሉት።

ከኋላ ከሰዉ መካከል አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ጉሮሮውን ጠረገና «እንኳን በደህና ገቡ» አለ።